ገዳም ዱር ሳለ፦ የአንድ ቃል አመጣጥና ጉዞ

ግዕዝ የሚማር ሰው የማቴዎስ ወንጌል 6ኛ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ «ሣዕረ ገዳም» የሚል ሐረግ ያገኛል። ዛሬ ታይቶ ነገ ወደ እቶን እሳት ስለሚጣለው ሣር የተነገረ ነው። ሁለቱም ቃላት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደሉም፤ ሣዕር ሣር ነው፣ ገዳምም ገዳም ነው። ስለዚህ «የገዳም ሣር» ብሎ ተርጉሞ ያልፋል። ችግሩ ይህ ነገር በተነገረበት ጊዜ ቆብ የደፋ ክርስቲያን መነኩሴ ገና አለመኖሩ ነው። መነኩሴ ከሌለ የመነኩሴ መኖሪያ፣ መኖሪያው ከሌለም ሣሩ ከየት ይመጣል? በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቦታ «ሜዳ» የሚለውን ቃል ነው የተጠቀመው፤ ልክም ነው።

ዛሬ የምንከተለው ይህን ቃል ነው። ገዳም ሲባል ለእኛ የሚታየን ቆብ፣ መቋሚያና ጸሎት ነው። በጥንቱ ግዕዝ ግን የዱር ስም ነበር፤ ግዕዝ ለዱርነት ከነበሩት ቃላት ሁሉ ሰፊውም እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዱሩ እንዴት ገዳም ሆነ? ቃሉ ለቆት የሄደውን ቦታስ እነማን ወረሱት?

በመጀመሪያ ስለ አፈላለጉ። አንድን የግዕዝ ቃል ለመመርመር የተነሣ ሰው አናባቢዎቹን አራግፎ ተነባቢዎቹን ብቻ ይያዝ፤ እዚህ ላይ ገ፣ ደ፣ መ ናቸው። ቀጥሎ መዝገበ ቃላቱ በምን ተርታ እንደተደረደረ ይመልከት። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በአበገደ የተደረደረ ስለሆነ ገ ሦስተኛው ፊደል ነው። በሀለሐመ ግን 20ኛው ነው። ሀ ሁ ብሎ ያደገ አንባቢ መጽሐፉን ከወገቡ በታች ገልጦ ይፈልግና «የለም» ብሎ ይዘጋዋል፤ ቃሉ ግን ገና ከመግቢያው አጠገብ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1865 የታተመው የጀርመናዊው ምሁር የዲልማን የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላት ደግሞ ሀለሐመን ይከተላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የሚሠራ ሰው ተርታውን ወረቀት ላይ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጥ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ገ-ደ-መ የሚሉት ድምፆች «ተጋደመ»፣ «ጋደም አለ»፣ «አግድም» በሚሉት የአማርኛ ቃላት ውስጥም ይሰማሉ። «ገዳም ማለት ተጋድሞ የተዘረጋ መሬት ነው» የሚል ፍቺ ወዲያው አፍ ላይ ይመጣል፤ ለጆሮም ይጥማል። የድምፅ መመሳሰል ግን ምርመራ የሚጀመርበት እንጂ የሚያልቅበት አይደለም። ዝምድናውን ለማጽናት ቃሉ በመካከለኛው ትርጉም፣ ማለትም በግልጽ «ዝርግ ነገር» ሆኖ የሚገኝበት ዐረፍተ ነገር መገኘት አለበት። «ገድል» እና «ተጋድሎ»ን ከገዳም ጋር የሚያዛምዱት ደግሞ መነኮሳት ስለሚጋደሉ ነው፤ እዚያ ግን ሦስተኛው ተነባቢ ለ ነው እንጂ መ አይደለም፤ ስለዚህ ነገሩ ገና ከመነሻው ይወድቃል።

ስለዚህ ከድምፅ ይልቅ ጎረቤት መጠየቅ ይሻላል። ቃሉ ከማን ጋር ተቀምጦ ይገኛል?

በመዝሙር 8 ላይ ለሰው የተገዙለት ፍጥረታት ሲቆጠሩ «አባግዐኒ ወኵሎ አልህምተ ወዓዲ እንስሳ ዘገዳም» ይላል። በጎች፣ ላሞች፣ ደግሞም የገዳም እንስሳ። ቀጥሎ የሰማይ ወፎችና የባሕር ዓሦች ይመጣሉ። ይህ አከፋፈል ልብ ሊባል ይገባል። በጎችና ላሞች በየስማቸው የተጠሩት በረት ውስጥ ያሉ፣ ባለቤት ያላቸው ስለሆኑ ነው። «እንስሳ» ብቻውን ግን ለማዳውንም ለማዳ ያልሆነውንም ይይዛል፤ ቃሉ ራሱ «አንሶሰወ» ከሚለው፣ ወዲያ ወዲህ ተመላለሰ ማለት ከሆነው ግስ ጋር ይሄዳል። ልዩነቱን የሚፈጥረው «ዘገዳም» የሚለው ቅጥያ ነው። የአማርኛው ትርጉም «የምድረ በዳውን እንስሶች» ብሎታል።

በማቴዎስ 6 ላይ ሣሩ ብቻ ሳይሆን አበባውም የገዳም ነው፦ «ርእዩ ጽጌያተ ገዳም»። በዘመነ ጽጌ ቤተ ክርስቲያን የቆመ ሰው ሁሉ ይህን ሰምቷል። አማርኛው «የሜዳ አበቦች» አለ።

በመዝሙር 131 (በዕብራይስጡ ቍጥር 132) ላይ «ናሁ ሰማዕናሁ በኤፍራታ ወረከብናሁ ውስተ ኦመ ገዳም» እናገኛለን። ኦም የዱር ዛፍ ነው። አማርኛው ሁለቱን ቃላት ጨምቆ «በዱር ውስጥም አገኘነው» አለ።

በማቴዎስ 3 ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ቃል አለ፦ «ቃለ ዐዋዲ ዘይሰብክ በገዳም»። አማርኛው «በምድረ በዳ የሚጮኽ ሰው ድምፅ»። በዮሐንስ 3 ሙሴ እባቡን የሰቀለው «በገዳም» ነው፤ አማርኛው አሁንም «በምድረ በዳ»።

አንዱ ገዳም በአማርኛ አንድ ጊዜ ሜዳ፣ አንድ ጊዜ ዱር፣ አንድ ጊዜ ምድረ በዳ ሆኗል። ተርጓሚዎቹ ወላውለው አይደለም፤ አማርኛ ለዚያ ሁሉ የሚበቃ አንድ ቃል ስለሌለው ነው። የግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ከግሪክ ሲተረጐም ነገሩ ተቃራኒ ነበር። ግሪኩ ለሰው አልባው ምድር ኤሬሞስ፣ ለአበቦቹና ለሣሩ መስክ አግሮስ፣ በመዝሙር 8 ላይ ላሉት እንስሳት ሜዳ ፔዲዮን ይላል። ግዕዙ ሦስቱንም በገዳም ጠቀለላቸው። በመዝሙር 131 ግሪኩ «የደን ሜዳዎች» ሲል ግዕዙ ገልብጦ «የሜዳ ዛፎች» ማለቱም የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ሁለቱም መንገዶች ከአንድ ቦታ ያደርሳሉና።

እንግዲህ ሣር የሚበቅልበት፣ አበባ የሚፈነዳበት፣ ዛፍ የቆመበት፣ አውሬ የሚውልበት፣ ውኃ የጠፋበት፣ ሁሉም ገዳም ከሆነ የጋራቸው ምንድን ነው? የሚበቅለው ነገር አይደለም፤ ሙቀትና ብርድም አይደለም። የጋራቸው ሞፈር አለመድረሱ ነው። ያልታረሰ፣ ያልታጠረ፣ ማንም «የእኔ ማሳ ነው» የማይለው ምድር ገዳም ነው። ቃሉ የተለካው ከጫካው መሐል ሆኖ ሳይሆን ከመንደሩ በር ላይ ቆሞ ነው።

ይህን የማያስተውል ሰው ምድረ በዳን ሁልጊዜ አሸዋ አድርጎ ያስባል። መጽሐፉ ራሱ ግን ይቃወመዋል። ሙሴ በዘፀአት 3 የአማቱን በጎች የነዳው ወደ ምድረ በዳ ነው፤ በግ አሸዋ አይግጥም። በሉቃስ 15 የጠፋውን በግ ፍለጋ የሄደው እረኛ ዘጠና ዘጠኙን «በበረሃ ትቶ» ነው የሄደው፤ መሰማሪያ ባይሆን ኖሮ እረኛው ጅል ይሆን ነበር። ዮሐንስ የበላው «የበረሃ ማር» ነው፤ ንብ ደግሞ አበባ በሌለበት አትኖርም። የመጻሕፍቱ በረሃ እረኛ የሚውልበት፣ ገበሬ የማይደርስበት ምድር ነው። በአገራችንም ቢሆን «በረሃ» የሚባለው ቆላ ግራርና እሾሃማ ቁጥቋጦ ሞልቶት ይገኛል።

አሁን ወደ መነኮሳቱ።

የምንኵስና ኑሮ በግብፅ በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ዓመት ሲስፋፋ አባ እንጦንስና ተከታዮቹ ከዓባይ ዳር እርሻ ወጥተው ወደማይታረሰው ገቡ። የግዕዝ መጻሕፍት ስለ እነርሱ ሲተርኩ «ገዳመ አስቄጥስ» ይላሉ። ይህ ሐረግ የጉዞው ድልድይ ነው። አስቄጥስ በረሃ ነበር፤ በረሃው ግን በመነኮሳት የተሞላ ነበር። «አባ እገሌ በገዳመ አስቄጥስ ኖረ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንዱ አንባቢ «በአስቄጥስ በረሃ»፣ ሌላው «በአስቄጥስ የመነኮሳት መኖሪያ» ብሎ ቢረዳው ሁለቱም አልተሳሳቱም። የቃል ትርጉም የሚሻገረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ሁለቱም ፍቺዎች እውነት ሆነው ማንም ልዩነቱን ልብ በማይልበት። ከጥቂት ትውልድ በኋላ አንባቢው የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ይሆናል።

በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉ የት ላይ እንደደረሰ ለመለየት ግሱን መመልከት ይበቃል። ሰው ወደ ገዳም «ሸሸ»፣ «ተሰደደ»፣ በገዳም «ጠፋ» ሲባል የቀድሞው ትርጉም ገና ሕያው ሊሆን ይችላል። ገዳም «ተሠራ»፣ «ተመሠረተ»፣ ለገዳም መሬት «ተሰጠ» ከተባለ ግን ጉዞው አልቋል፤ በረሃ አይሠራም፣ አይመሠረትም። «ገዳም አቀና» የሚለው አነጋገርማ ለጥንቱ ሰው እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ይሆንበት ነበር። ማቅናት ማለት ዱሩን መንጥሮ መንደር ማድረግ ነውና፣ ገዳምን ማቅናት ገዳምን ማጥፋት ነበር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ። «ገዳመ ቆሮንቶስ» የሚለውን ስም የሰማ ሰው የጳውሎስ መልእክት ከተላከላት የግሪክ ከተማ ጋር ያገናኘዋል። ጌታ 40 ቀን የጾመበት ተብሎ የሚታወቀው ስፍራ ግን በኢያሪኮ አጠገብ ነው፤ ከከተማይቱ ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። እዚያ ላይ ያለው «ገዳም» ደግሞ የቀድሞው፣ የአራዊቱ ገዳም ነው፤ ማርቆስ «ከአራዊትም ጋር ነበረ» ይላል።

እንዲህ ያለ ጉዞ በግዕዝ ብቻ የታየ አይደለም። ከግሪኩ ኤሬሞስ ባሕታዊ የሚባልበት ቃል ወጥቶ በላቲን በኩል የአውሮፓ ቋንቋዎችን አዳረሰ። በሩሲያኛ ምድረ በዳ ፑስቲንያ ነው፤ ከዚያው ሥር የወጣው ፑስቲን ደግሞ ከሰው ርቆ የተሠራ ገዳም ነው፤ ምንም እንኳ የሩሲያ መነኮሳት የገቡበት ምድረ በዳ በረዶና ጥድ ቢሆንም። በግዕዝ ውስጥም የገዳም እኅት አለች፦ ደብር። ደብር ተራራ ነበር፤ ደብረ ሲና፣ ደብረ ዘይት እንዲሉ። መነኮሳት አምባ ላይ ሲወጡ ተራራው የቤተ ክርስቲያን ስም ሆነ። ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ዐይን ያያል፤ ዙሪያውን ገደል የሆነ፣ በጠፍር ካልሆነ የማይወጣ አምባ ነው፤ ደብርም ተብሎ የተጠራው በሁለቱም ነው። የደብር ብዙ ቁጥር «አድባር» ነው፣ ተራሮች ማለት። በላዩ ሌላ የብዙ ቁጥር ምልክት ተደግሞበት «አድባራት»ም ይባላል። አድባር ራሱ ደግሞ በገጠር የመንደር ጠባቂ መንፈስና እርሱ ያድርበታል የሚባለው ትልቅ ዛፍ ስም ሆኖ ቀረ። ተራራው አንድ እግሩን ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ እግሩን ዋርካ ሥር አድርጎ ቆመ ማለት ነው።

የጥንቱ ትርጉም ግን ከገዳም ላይ ተፍቆ አልጠፋም። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል የሚሥል ሰው 60 አንበሶችና 60 ነብሮች እንደሚከተሏቸው ያውቃል፤ ሁሉንም ለመሣል ቦታ ባይበቃው እንኳ ጥቂቱን በሁለቱም ጎን ያቆማል። አባ ሳሙኤል ዘዋልድባ አንበሳ ላይ ተቀምጠው ይሣላሉ። አራዊት የሌሉበት ገዳም በሠዓሊው ዐይን ገዳም አልነበረም። የዋልድባ ሥርዓት ደግሞ የቃሉን ሥር ከማንም በላይ ጠብቆ ይዟል፤ እዚያ እህል አይበላም፣ የመነኮሳቱ ምግብ ከሥራ ሥር የሚዘጋጀው ቋርፍ ነው። ሞፈር ያልደረሰበት ምድር የሚለው ፍቺ በዋልድባ እስከ ዛሬ በሥርዓት ይኖራል። በሌላው ጫፍ ምስካየ ኅዙናን መድኃኔ ዓለም ገዳም አዲስ አበባ መሐል ላይ ነው፤ በዙሪያው መኪናና ፎቅ አለ፣ ገዳምነቱን ግን ማንም አይጠራጠርም። ቃሉ ከቦታው ሙሉ በሙሉ መላቀቁ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ገዳም ከዱርነት ሲወጣ ቦታው ባዶ አልቀረም። ከወራሾቹ መካከል በጣም የተጠጋጉትን እንለያቸው፤ እነዚህን ማደባለቅ በትርጉም ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታይ ጥፋት ነው።

ምድረ በዳ ባዶነትን ነው የሚናገረው። ሥሩ የግዕዙ በድው ነው፤ ዐረቦች የበረሃ ዘላኑን በደዊ ከሚሉበት ሥር ጋር አንድ ነው። በዘፍጥረት 16 እስማኤል «የበዳ አህያን የሚመስል ሰው» ይሆናል ተብሏል፤ የበዳ አህያ ማለት ጭነት የማያውቅ፣ ያልተገራ አህያ ነው። ዛሬ ባለ መስመሩን እንስሳ «የሜዳ አህያ»፣ ሚዳቋ መሰሉንም «የሜዳ ፍየል» ስንል ሜዳ የሚለው ቃል የመሬቱን ዝርግነት እየተናገረ አይደለም፤ በጽጌያተ ገዳም ላይ የነበረውን ሥራ እየሠራ ነው።

ባድማና ጠፍ ከምድረ በዳ የሚለዩት በታሪክ ነው። ባድማ ሰው ኖሮበት የተለቀቀ ነው፤ ለዚህም ነው ሰው ለአባቱ ባድማ የሚያለቅሰው፣ ለምድረ በዳ የሚያለቅስ ግን የለም። ጠፍ መሬት ታርሶ የነበረ፣ አራሹ የጠፋበት ነው፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ከብትም የጠፍ ከብት ይባላል። ስለዚህ ተጥሎ ዳዋ የዋጠውን ማሳ «ዱር» ማለት ስሕተት ነው፤ ጠፍ ነው።

ዱር ደግሞ ሁለት ነገር ባንድነት ይጠይቃል፦ ዕፅዋትና ባለቤት አልባነት። በዚህ ከደን ይለያል። ደን ሊተከል፣ ሊለካ፣ ሊከለል ይችላል፤ ባለሙያ የደን ሀብት ይላል እንጂ የዱር ሀብት አይልም። ጫካ ጥቅጥቅነቱን ይናገራል፤ ከቤት ጀርባ ያለ ጥቂት ባሕር ዛፍም ጫካ ሊሆን ይችላል፣ ዱር ግን አይሆንም። ዱርና ድሮን (ዱሮ) በድምፃቸው ምክንያት ማዛመድም አይገባም።

«የዱር እንስሳት» የሚለው አጠራር በሕግ ገብቶ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የወጣበት ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን አጠራር ከውጭ ቋንቋ የተቀዳ አዲስ ፈጠራ ያደርጉታል። መዝሙር 8ን ያየ ግን «እንስሳ ዘገዳም»ን ያስታውሳል። አሠራሩ አንድ ነው፦ እንስሳ የሚለው የጋራ ስም፣ ባለቤት አልባነቱን የሚያመለክት የቦታ ቃል። የተለወጠው ገዳም በዱር መተካቱ ብቻ ነው። ሕጉ «አውሬ»ን አለመምረጡም ደግ ነው፤ በአውሬ ውስጥ ፍርሃት አለበትና ጥበቃ ለሚጠየቅለት ፍጥረት አይመችም።

አውሬ የግዕዙ አርዌ ነው፤ ረ እና ወ ቦታ ተለዋውጠው ነው እንዲህ የሆነው። ብዙ ቁጥሩ አራዊት ግን በጥንቱ ተርታ ቀርቷል፤ ለዚህ ነው አውሬና አራዊት የአንድ ቃል ነጠላና ብዙ መሆናቸው የማይታየን። በዘፍጥረት 3 እባቡ «አርዌ ምድር» ነው፤ በአፈ ታሪካችን አገሩን 400 ዓመት ገዛ የሚባለው ዘንዶ ንጉሥም አርዌ ይባላል። በትግረ ቋንቋ አርዌ እባብ ማለት ነው። የዕብራይስጡ አርዬ ግን አንበሳ ነው፤ የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች ሁለቱን ያዛምዷቸዋል። አንዱ ሥር በአንዱ አገር አንበሳ፣ በሌላው እባብ ሆነ፤ ግዕዝ በመካከል ቆሞ ሁለቱንም ያዘ። ተማሪ በግዕዝ ጽሑፍ ላይ አርዌን ባየ ቁጥር እባብ ካለ ሊሳሳት ይችላል፤ «ምድር» የሚለው ከተከተለው እባብ ነው፣ «አራዊተ ገዳም» ተብሎ በብዙ ከመጣ በጥቅሉ የዱር አውሬ ነው።

ሰውስ ዱር ሲሆን?

ዱር ሁለት ዓይነት ሰው ይቀበል ነበር፤ ሽፍታንና መናኝን። መነነ ማለት ናቀ፣ ጣለ ማለት ነው፤ መናኝ ዓለምን ጥሎ ገዳም ገባ። ሽፍታው ወይም አርበኛው «ዱር ቤቴ» ብሎ ወጣ። ከመንደሩ በር ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው ሁለቱም ከዘመድ፣ ከግብርና ከዳኛ ውጭ ወዳለው አንድ ምድር ነበር የሄዱት። አንደኛው ስም ግን ከቅድስና ጋር ከበረ፣ ሁለተኛው በጀግንነትና በጥፋት መካከል ሲዋልል ኖረ። ዱርዬ የሚለው ቃል ዱርን በውስጡ እንደያዘ ከተማ ገብቶ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ዱርዬ ሲባል ዛፍ የሚታየው ሰው የለም።

ከዱርዬ በቀር ግን አማርኛ ለሰው አለመገራት የሚጠቀምባቸው ቃላት ከጫካ የመጡ አይደሉም፤ የመጡት ከገመድ ነው። ስድ ከሰደደ፣ ልቅ ከለቀቀ ነው። «ያልተገራ» በቅሎና ፈረስ የሚገራ ሰው ቃል ነው። «መረን የለቀቀ» ስንልም የምንናገረው ስለ መለቀቅ ነው። ስድ አደግ የሚባለው ልጅ ዱር ያደገ ሳይሆን መንደር ውስጥ ያለ ማሰሪያ ያደገ ነው። ስለዚህ ስለ ሰው ጠባይ የሚተረጉም ሰው «የዱር ጠባይ» ብሎ ከመጻፉ በፊት «ያልተገራ» ወይም «ልቅ» ይበቃው እንደሆነ ይመርምር፤ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል።

ለዕፅዋት ደግሞ አማርኛ የራሱ ውብ ቃል አለው፦ ወፍ ዘራሽ። ሰው ሳይዘራው የበቀለ ማለት ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ወፍ ዘራሽ ማሳና ጓሮ ውስጥም ሊበቅል መቻሉ ነው፤ ስለ ቦታ ሳይሆን ስለ ዘሪው ነው የሚናገረው። የቡና ባለሙያዎች በዚህ በኩል ጠንቃቆች ናቸው። የጫካ ቡና፣ ከፊል የጫካ ቡና፣ የጓሮ ቡና፣ የተክል ቡና ብለው ይለያሉ። የጫካው ማንም ሳይተክለው በደን ጥላ ሥር በቅሎ የሚለቀም ነው። ከፊል የጫካው ግን ቅርንጫፍ ተመልምሎ፣ ሥሩ ተመንጥሮ፣ ክፍት ቦታው በችግኝ የተሞላ ነው። አንድ ገበሬ ማጭዱን ይዞ በገባበት ዓመት ቡናው ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ይሻገራል። ያልታረሰው ከታረሰው የሚለይበት ድንበር ዛሬም በብረት ነው የሚሰመረው።

በሰሜኑ ደጋ ግን ድንበሩ ተገልብጧል። ለዘመናት በታረሰው አገር ኮረብታው፣ ሜዳው፣ ሸለቆው ሁሉ ማሳ ሆኖ የጥንቱ አገር በቀል ዛፍ፣ ጥዱ፣ ወይራውና ኮሶው የቀረው በአመዛኙ በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ቅጥር ውስጥ ነው። ዝንጀሮውና ወፉ የሚሸሸው ወደ ቅጥሩ ነው። በደቡብ ጎንደር ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው በቡናማው እርሻ መካከል ክብ ክብ ሆነው የሚታዩት አረንጓዴ ነጠብጣቦች እነዚህ ናቸው። ከመንደሩ በር ላይ ቆሞ «ያልታረሰው የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዛሬ ጣቱን የሚቀስረው ወደዚያ ነው። እዚያ ቆሞ «ኦመ ገዳም»ን «የገዳም ዛፎች» ብሎ የተረጎመ ተማሪ፣ ስለ ሣሩ እንደተሳሳተው ስለ ዛፎቹ ተሳስቷል ለማለት ይከብዳል።